አገርነቷን አከራይታ የምትኖር አገር፦ የቱቫሉ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ

ከፊጂ ዋና ከተማ ከሱቫ የተነሳው ባለፕሮፔለር አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ውሃ ብቻ እያሳየ ወሰደን። ከዚያ ቀጭን መሬት ብቅ አለ። ግራውም ቀኙም ባሕር ነው። ዝቅ ስንል ከመሬቱ ስፋት ቀላል የማይባለውን የያዘው ራሱ ማኮብኮቢያው እንደሆነ አየሁ። ቤቶቹ ከዳርና ዳር ተጠግተውታል። አንዲት ሴትዮ የታጠበ ልብስ እያሰጡ ቀና ብለው አዩንና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ይህች ፉናፉቲ ናት፤ የቱቫሉ ዋና ከተማ። ቱቫሉ በሃዋይና በአውስትራሊያ መሃል፣ ከፊጂ ወደ ሰሜን የተበተኑ ዘጠኝ ደሴቶች ናት። ሁሉም ተደምረው 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጉለሌ ክፍለ ከተማ ትበልጣታለች። ሕዝቧ 10,000 ገደማ ሲሆን ከግማሽ የሚበልጠው እዚሁ ፉናፉቲ ላይ ተጠጋግቶ ይኖራል። በመንገዴ ላይ ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

እዚህ ምን ወሰደህ ላላችሁኝ፣ ሎተሪ ነው የወሰደኝ። የምኖረው ሜልበርን ነው። አውስትራሊያ በ2023 ከቱቫሉ ጋር ፋሌፒሊ የሚባል ስምምነት ፈረመች። በዚያ ውል መሠረት በየዓመቱ 280 የቱቫሉ ሰዎች በዕጣ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ያገኛሉ። በ2025 የመጀመሪያው ዕጣ ሲከፈት ከነቤተሰባቸው 8,750 ሰዎች ተመዘገቡ። ልብ በሉ፤ አገሩ በሙሉ 10,000 ሰው ነው። ዲቪ በየኢንተርኔት ቤቱ ሲሞላ እያየ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ተራ ዜና አይደለም። እኛ አገር ዲቪ የደረሰው ጎረቤት አለ። እዚህ ግን ዲቪ ያልሞላ ጎረቤት ማግኘት ይከብዳል። ሄጄ ላያቸው ፈለግሁ።

ያረፍኩት ጡረታ የወጡ መምህርት ቤት ነው። ቤታቸውን የእንግዳ ማረፊያ አድርገውታል። ገና ስገባ ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛ፣ ውሃ በቁጠባ። ሁለተኛ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን።

ዓርብ

እዚህ ታክሲ ብዙ አያስፈልግም። ሁሉም ሰው ሞተር አለው። ሕፃን ከፊት፣ እናት ከኋላ፣ ቱና ዓሣ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። እኔም አንድ ተከራየሁና ወደ ሰሜን ነዳሁ።

ዋናዋ ደሴት ፎንጋፋሌ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ሰፊ የተባለው ቦታዋ 400 ሜትር ነው። ወደ ሰሜን ስትሄዱ እየጠበበች ትመጣለች። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ብቻ ይቀራል። በቀኝ ትልቁ ውቅያኖስ ድንጋዩን ይደበድባል። በግራ ላጉኑ፣ ደሴቶቹ የከበቡት ባሕር፣ ተኝቷል፤ ድምፅ የለውም። ሞተሬን አቁሜ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አየሁ። ትንሽ ያዞራል። ከዚያ አልፋችሁ ስትጨርሱ የምታገኙት የከተማውን ቆሻሻ መጣያ ነው። ሌላ ቦታ ስለሌለ ቆሻሻው የአገሩ ጫፍ ላይ ይከማቻል። ከውጭ የገባ ጣሳ፣ ከውጭ የገባ ፍሪጅ፣ ከውጭ የገባ ሞተር። በመርከብ የመጣ ነገር ሁሉ መመለሻ የለውም።

ስመለስ መንደር ውስጥ አንድ የሲሚንቶ መደብ ላይ የተተወ ጉድጓድ አሳዩኝ። ሊያዩት የሚመጡት ፈረንጆች ብቻ ናቸው ይላሉ። ነገሩ ግን ታሪክ አለው። ዳርዊን እንደዚህ ያሉ፣ ከባሕር ደቃቅ እንስሳት ቅሪት የተሠሩ የኮራል ደሴቶች የሚፈጠሩት ቀስ እያለ በሚሰምጥ እሳተ ገሞራ ላይ ነው ብሎ ነበር። ይህን ለማረጋገጥ የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ሮያል ሶሳይቲ ከ1896 እስከ 1898 እዚህ ሰው ልኮ ቆፈረ። 340 ሜትር ድረስ ወረዱ። ያገኙት ያው ኮራል ብቻ ነው። የእሳተ ገሞራው ድንጋይ የተገኘው በ1952 ነው፤ ያውም እዚህ ሳይሆን ማርሻል ደሴቶች ላይ ብዙ ጠልቀው ሲቆፍሩ።

ኮራል መሆኑ ለምን አስፈለገኝ? ምክንያቱም ኮራል ወንፊት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወደ ታች ይሰርጋል። ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። ወንዝ የለም፣ ምንጭ የለም፣ ጅረት የለም። የሚጠጣው የዝናብ ውሃ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ቆርቆሮ፣ አሸንዳና ሮቶ አለው። በ2011 ዝናቡ ቢቀር አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ጨው የሚያጣሩ ማሽኖች በአውሮፕላን ጭነው ደረሱላት። መምህርቷ ማለዳ ከእንቅልፋቸው ሲነሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሮቷቸውን በእጃቸው ማንኳኳት ነው። ከላይ ጀምረው ወደ ታች እያንኳኩ ይወርዳሉ። ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ውሃው ያለበት ነው። "ሦስት ሳምንት" አሉኝ ጠዋት። ለሦስት ሳምንት ይበቃናል ማለታቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ጓሯቸው ወሰዱኝ። ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ውስጥ ፑላካ ተክለዋል። ፑላካ የጎደሬ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ ግን ጃንጥላ ይሆናል። አባቶቻቸው ኮራሉን ቆፍረው ከሥር ያለው ጨው አልባ ውሃ ጋ እስኪደርሱ ይወርዱና ቅጠላ ቅጠል አበስብሰው አፈር ይሠራሉ። አዎ፣ አፈር ይሠራሉ። አሁን ጨው እየገባ ብዙው ጉድጓድ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። የእሳቸውም አንዱ ጥግ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። የሚቀጥለውን ዓመት እንደሚያልፍ ተጠራጥረዋል።

ቅዳሜ

በጀልባ ላጉኑን አቋርጠን ወደ ምዕራብ ሄድን። እዚያ በ1996 የተከለለ 33 ካሬ ኪሎ ሜትር የጥበቃ ቦታ አለ። ሰው የማይኖርባቸው ትናንሽ ደሴቶች፣ ኤሊዎች፣ ወፎች። ከደሴቶቹ አንዷ ቫሳፉዋ ትባላለች። በ2015 ፓም የሚባለው አውሎ ነፋስ ኮኮናቷንም አሸዋዋንም ጠርጎ ወስዶባታል። ባለጀልባው ሲያልፍ በአገጩ ጠቆመልኝ እንጂ አላቆመም።

ማታ ላይ ማኮብኮቢያው ሌላ ነገር ሆነ። ይህን ማኮብኮቢያ የሠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው። አውሮፕላን በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚመጣ የቀረው ጊዜ የሕዝብ ነው። ፀሐይ ስትበርድ አንድ ጥግ ኳስ፣ አንድ ጥግ መረብ ኳስ፣ አንድ ጥግ ሞተር የሚለማመድ ጎረምሳ። ሙቀቱ ሲበዛ ሰሌን ዘርግቶ እዚያው የሚያድርም አለ። አውሮፕላን ሊመጣ ሲል ሳይረን ይነፋል። ሁሉም ኳሱን ይዞ ይወጣል። እኔም ገብቼ ኳስ ተጫወትኩ። እነዚህ ልጆች የሚሮጡት በባዶ እግራቸው ነው። በአስፋልት ላይ። ዝርዝሩን ልተወው።

እሑድ

እሑድ አገሩ ይዘጋል። ሱቅ የለም፣ ሥራ የለም፣ ጩኸት የለም። ከሕዝቡ አብዛኛው የቱቫሉ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነው። ነጭ ለብሰው ሲተሙ እኔም ነጠላዬን ይዤ ስለነበር አጣፍቼ ሄድኩ። ማንም ዞሮ አላየኝም። ዝማሬው ያለ መሣሪያ ነው። ወንዶቹ ከሥር፣ ሴቶቹ ከላይ እየተቀባበሉ ጣሪያውን ያነሱታል። ቋንቋውን ሳልሰማ ቆሜ ቀረሁ።

እምነቱ የመጣበት መንገድ ራሱ ጉድ ነው። በ1861 ኤሌካና የሚባል የኩክ ደሴቶች ሰው በታንኳ መንገድ ስቶ ለሳምንታት ተንሳፍፎ ኑኩላኤላኤ ደሴት ላይ ወጣ። ያስተምር ጀመር። ሰዉም ትምህርቱን ተጠማ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፔሩ ባሪያ ፈንጋዮች መጡና ይህንኑ ጥማት መጥመጃ አደረጉት። "ስለ እግዚአብሔር ወደምትማሩበት አገር እንወስዳችኋለን" አሏቸው ይባላል። ከኑኩላኤላኤና ከፉናፉቲ ወደ 400 ሰው ተወሰደ። የተመለሰ የለም ማለት ይቻላል።

መምህርቷ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቅዳሴ ብዬ ልጥራውና፣ ሌላ ታሪክ ነገሩኝ። ሚያዝያ 1943 ጃፓኖች ፉናፉቲን በአውሮፕላን ደበደቡ። 680 ገደማ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተጠልሎ ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም ነዋ። ላድ የሚባል የአሜሪካ አሥር አለቃ ደርሶ ውጡ፣ ወደ ምሽጎቹ ግቡ አላቸው። ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ቦምቡ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ወደቀ። የዛሬው ፉናፉቲ ተወላጅ አብዛኛው የእነዚያ ሰዎች ልጅና የልጅ ልጅ ነው።

ምሳው ግብዣ ነበር። ዓሣ በዓይነት በዓይነቱ፣ አሳማ፣ ዶሮ። እኔ ደግሞ ሁዳዴ ላይ ነኝ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ሙግት እዚህ አላነሳም፤ እኔ አልበላም። ዓሣ የማይበላ እንግዳ ቱቫሉ ውስጥ ምን እንደሚመስል አስቡት። አንዲት አሮጊት ታምሜ መስሏቸው ግንባሬን በእጃቸው ዳሰሱ። ጾም መሆኑን መምህርቷ ሲያስረዱልኝ ግን በአንዴ ገባቸው። ፑላካ በኮኮናት ወተት፣ ብሬድፍሩት የሚባል የተጠበሰ የዛፍ ፍሬ፣ ከኮኮናት አበባ የሚቀዳ ካሌቬ የሚባል ጣፋጭ መጠጥ ከፊቴ ተደረደረ። ሁሉም የጾም ነው። እንዲህ ጠግቤ የጾምኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሰኞ

ዛሬ ነው የመጣሁበትን ነገር ያገኘሁት። የመምህርቷ የእህት ልጅ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ጠዋት ቫይያኩ ወዳለው የመንግሥት ሕንፃ ይዞኝ ሄደ። ሦስት ፎቅ ነው፤ ያሠራችው ታይዋን ናት። ቱቫሉ ለታይዋን ዕውቅና ከሚሰጡ በጣት ከሚቆጠሩ አገሮች አንዷ ናት። ሚኒስትሮቹ እዚሁ ናቸው። በሽርጥና በነጠላ ጫማ ደረጃውን የሚወጣ ሰውዬ አየሁና ባለጉዳይ መሰለኝ። "ባለሥልጣን ነው" አለኝ ልጁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከእንግሊዝ ነፃ የወጡት ኦክቶበር 1 ቀን 1978 ነው። ንጉሡ አሁንም ቻርልስ ናቸው፤ ወኪላቸው ጠቅላይ ገዢው የአገሩ ሰው ነው። ፓርላማው 16 መቀመጫ አለው፤ ከስምንት የምርጫ ክልል ሁለት ሁለት። ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ራሱን ወክሎ ይገባና ከገባ በኋላ ወገን ይፈጥራል። ሁለት ሰው ቅር ካለው መንግሥት ሊወድቅ ይችላል። በ2013 አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር አብላጫውን አጥቶ ፓርላማ አልሰበስብም ብሎ ነበር፤ ጠቅላይ ገዢው ከሥልጣን አነሱት። ደም አልፈሰሰም፣ መንገድም አልተዘጋም። ከታች ደግሞ በየደሴቱ ፋሌካውፑሌ የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ አለ። ልጁ እንደሚለው ፓርላማ የወሰነውን ሸንጎው ካልወደደው ነገሩ እግር የለውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቱቫሉ ፋብሪካ የላትም። ቡና የላትም፣ ማዕድን የላትም። የራሷ የወረቀት ገንዘብ እንኳን የላትም፤ የአውስትራሊያ ዶላር ነው የምትጠቀመው። የመጀመሪያውን ኤቲኤም ያየችው ሚያዝያ 2025 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ተገኝተው ኬክ ቆረሱ። ታዲያ በምን ትኖራለች?

ልጁ ወረቀት አወጣና ሣለልኝ። ትንንሽ ነጥቦች ሠራ፤ ደሴቶቹ ናቸው። ከዚያ በዙሪያቸው የወረቀቱን ጠርዝ የሚነካ ክብ ሳበ። "ይኼ ሁሉ የእኛ ነው" አለ። ከ700,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር። የኢትዮጵያን ከግማሽ በላይ ማለት ነው። በዚያ ባሕር ውስጥ ቱና ይመላለሳል። ቱቫሉ ትልልቅ መርከብ ገዝታ አታጠምድም። የምትሸጠው ቀን ነው። ከጎረቤት ደሴት አገሮች ጋር ተባብረው በዓመት ስንት የማጥመጃ ቀን እንደሚሸጥ ይወስናሉ። ለአንድ መርከብ የአንድ ቀን መነሻ ዋጋ 8,000 የአሜሪካ ዶላር ነው። መርከቡ ዓሣ ያዘ አልያዘ ቀኑን ከፍሏል። አንዱ አገር ብቻውን ዋጋ እንዳይሰብር ተማምለዋል። ኤል ኒኞ ሲመጣ ቱናው ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ ለቱቫሉ ሠርግ ነው። የመንግሥት ገቢ ትልቁ ድርሻ ከዚህ ይመጣል። የዛሬው ጠቅላይ ሚኒስትር ፌሌቲ ቴዮም ፖለቲካ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት የምዕራብና መካከለኛው ፓስፊክ የዓሣ ኮሚሽን ኃላፊ ነበሩ። ቦታው ያለ ነገር አልተገኘም።

ሁለተኛው ገቢ ደግሞ ፊደል ነው። ኢንተርኔት ሲመጣ በድረ ገጽ አድራሻ መጨረሻ ላይ የሚገባ ሁለት ሁለት ፊደል ለየአገሩ ሲታደል ለቱቫሉ "ቲቪ" (.tv) ደረሳት። የቴሌቪዥን ጣቢያ ያለው ሁሉ ፈለገው። አንድ ኩባንያ በ12 ዓመት ውስጥ 50 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተዋዋለ። በ2000 የተባበሩት መንግሥታት 189ኛ አባል የሆነችው ለአባልነቱ የሚያስፈልገውን ወጪ በዚህ ገንዘብ ችላ ነው። ትዊች (twitch.tv) በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ጌም የሚያይ ልጅ ሁሉ ሳያውቀው ለቱቫሉ ጥቂት ያዋጣል።

ሦስተኛው ቁጠባ ነው። በ1987 አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና እንግሊዝ ዋና ሆነው በ27 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አንድ ፈንድ አቋቋሙላቸው። ደንቡ ጥብቅ ነው። ዋናው ገንዘብ ከዋጋ ንረቱ ጋር እኩል እስካላደገ ድረስ መንግሥት ሳንቲም አያወጣም። ሲተርፍ ብቻ ነው የሚደርሰው። ዛሬ ብዙ እጥፍ ሆኗል። ገንዘብ ሲገኝ ሳይበተን ማየት ያልለመደ ዓይኔ እዚህ ላይ ቆየ። እርዳታም አለ፤ ብዙ። በውጭ መርከቦች ላይ የሚሠሩ ልጆች የሚልኩትም አለ፤ ድሮ በጀርመን የጭነት መርከቦች ላይ በብዛት ነበሩ፣ አሁን ቀንሰዋል።

እንግዲህ አስቡት። ባሕሯን የምታከራየው አገር ስለሆነች ነው። ፊደሏን የምታከራየው አገር ስለሆነች ነው። ታይዋን ሕንፃ የሠራችላት፣ አውስትራሊያም ውል የፈረመችላት አገር ስለሆነች ነው። በዚያ ውል ቱቫሉ ከሌላ አገር ጋር የጸጥታ ስምምነት ስታደርግ የአውስትራሊያ ይሁንታ ያስፈልጋታል። ቀላል ዋጋ አይደለም፤ አገር ቤትም አከራክሯል። በምላሹ አውስትራሊያ ባሕሩ ቢያጥለቀልቃት እንኳን ቱቫሉ አገር ሆና ትቀጥላለች ብላ ፈረመች። በ2023 የወጣው አዲሱ ሕገ መንግሥታቸውም አገርነታችን ለዘላለም ነው ይላል። ከሩቅ ሲነበብ ግጥም ይመስላል። የልጁን ክብ ካየሁ በኋላ ግን የንብረት ጉዳይ ሆነብኝ። መሬቱ ሰምጦ አገርነቱ ከተሰረዘ ክቡም አብሮ ይሰረዛል።

"እየሰመጣችሁ ነው ይባላል" አልኩት። ፊቱ ቅጭም አለ። ይህን ጥያቄ ሰልችተውታል። ከኒውዚላንድ የመጡ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት ከ1971 እስከ 2014 የቱቫሉ የመሬት ስፋት በ2.9 በመቶ ጨምሯል፤ ማዕበሉ ከኮራሉ እየሰበረ አሸዋና ጠጠር ስለሚደርብ። ይህን የነገረኝ እሱ ነው። ቀጥሎ ግን ባሕሩ በ30 ዓመት ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ማለቱን ነገረኝ። መሬቱ ሊሰፋ ይችላል፤ የሚጠጣና የሚበላ ካጣህበት ስፋቱ ምን ያደርግልሃል? ስንመለስ በላጉኑ ዳር አሸዋ ተደፍቶ የተሠራውን 7 ሄክታር አዲስ መሬት አሳየኝ። ከሌላው መንደር ከፍ ያለ ነው፤ ገና ራቁቱን ነው።

ወደ 11 ሰዓት ገደማ ጨረቃዋ ልትሞላ አንድ ቀን ሲቀራት ባሕሩ መጣ። ማዕበል የጠበቅሁት ሰው ግራ ገባኝ። ማዕበል የለም። ከመምህርቷ ቤት ጀርባ ሣሩ መሃል ላይ አንዲት የጣት ስፋት ያላት ቀዳዳ አረፋ መትፋት ጀመረች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ቁርጭምጭሚት የሚያርስ ውሃ ግቢው ውስጥ ቆመ። ቀመስኩት፤ ጨው ነው። ልጆቹ ቦርጨቅ እያሉ ይጫወታሉ። መምህርቷ ዶሮዎቻቸውን ወደ በረንዳው አወጡ፣ የሞተሩን ጎማ ድንጋይ ላይ አቆሙ፣ ከዚያ ሻይ አፈሉ። ፑላካው ጋ ግን አልሄዱም።

ማክሰኞ

ሳይረኑ ተነፋ፤ ውሻዎቹ ሳይቀሩ ከማኮብኮቢያው ወጡ። ዘመድ ለመሸኘት ግማሽ ከተማው የመጣ ይመስላል። የአበባ ጉንጉን፣ ለቅሶ፣ በሰሌን የተጠቀለለ ስንቅ። የእኔም አንገት ላይ ሁለት ጉንጉን አረፈ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ነርስ ናት። ለሥራ ስልጠና ወደ ሱቫ እየሄደች ነው። ዕጣውን ሞልታ አልወጣላትም፤ እንደገና ልትሞላ ነው። ባሕሩ ነው ወይ የሚያስኬድሽ አልኳት። ሳቀች። ሁለት ልጆች አሏት። ትልቁ የኩላሊት ሕመም አለበት፤ አንድ ሆስፒታል ብቻ ባለበት አገር ከበድ ያለ ሁሉ ወደ ፊጂ ነው የሚላከው። ፈቃዱ ቢደርሳትም ቤቷን አትሸጥም፤ ውሉ ወጥቶ መመለስን አይከለክልም። እናቷ ይቀመጡበታል።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ የአውስትራሊያ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ አሳየችኝና ሜልበርን ውስጥ ባለሁለት መኝታ በሳምንት ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በወር መስሏት ነበር የቆጠረችው። በሳምንት መሆኑን ስነግራት ስልኩን መለስ አድርጋ እንደገና አነበበችው። ከዚያ ሱቫ እስክንደርስ ያወራነው ስለ ምዕራብ ሜልበርን ሰፈሮች፣ ስለ ባቡሩና ለነርስ ምን ያህል እንደሚከፈል ነው።